የክንዷ ልክ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፣ ይቅርታዬም ይከተል፤ ሁለት ደብዳቤ ጽፈህልኝ አንዱንም አልመለስኩልህም። ስንፍና አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ከስፌት መኪናዬ እየተነሳሁ ትምህርት ቤት ስለምሮጥ ነው። ለምን እንደምሮጥ ነው ደግሞ የጠየቅከኝ፤ እንግዲህ ልንገርህ።

ሻለቃ የምንላት ልጄ ትልቁ ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሯ ክው ብሎ ደርቆ ቤት ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች። በማግስቱም እንደዚያው። ኮዳዋን ባየው ጠዋት የሞላሁላት ውሃ ጠብታ አልጎደለም። «ለምን አልጠጣሽም?» ብላት «አልጠማኝም» አለችኝ። ያቺ የእህትህ ልጅ ስትዋሽ ጣሪያ ጣሪያ ነው የምታየው፤ ጣሪያውን አየች። ማታ አባቷ ሲያባብላት ተነፈሰች። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ለእሷ ከፍ ያለ ነው፣ መቀርቀሪያውም ከራሷ በላይ ነው። ትልልቆቹ ሴት ልጆች «ነይ እንሸከምሽ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ሰው እንዲሸከማት አትፈልግም። ስለዚህ ሽንት እንዳይመጣባት ብላ ውሃ ተወች። የስምንት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ በጥማት ስትውል አስበው!

ከዚያ ወዲህ በየእረፍቱ እየሄድኩ አነሳታለሁ፣ አወርዳታለሁ። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። «እናት በየእረፍቱ ግቢ መግባት አይቻልም። እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ራሷን ካልቻለች ቤት ትቆይና ስታድግ ትምጣ» አሉኝ። ስታድግ! ሐኪሙ አጥንቷ የሚያድግበት መንገድ የተለየ እንደሆነ፣ ሙሉ ሴት ብትሆንም ከደረቴ እንደማታልፍ የነገረኝን ነገርኳቸው። «እንግዲህ...» አሉ። «እንግዲህ» ደግሞ መልስ ነው?

ነገሩ ይኸው ነው፤ ጥር ሲያልቅ ወይ ብቻዋን ትማራለች፣ ወይ ቤት ትቀራለች። በንባብ ከክፍሏ የሚቀድማት የለም።

ቁመቷን ለጠየቅከኝ፣ ያለ ጫማ ዘጠና ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። በእኔ ሜትር ነው የተለካው። አንተ አናጢ፣ እኔ ልብስ ሰፊ፤ ልኬት ላይ እንኳ እንተማመን።

ደብዳቤውን እንደ ልማዱ ባለቤቴ በጭነት መኪናው ያደርስልሃል። «ስልክ ላይ ታለቅሻለሽ፣ ወረቀት ላይ ግን ቁጥር ትጽፊያለሽ» ያልከው እውነት ስለሆነ አልደወልኩም።

እህትህ


ጥቅምት 24

ለመርፌዋ እህቴ፣

ሰላምታውን ባልሽ በቃል ያድርስልሽ፤ እኔ ወረቀቱን ለቁም ነገር ፈልጌዋለሁ።

«ስፌቱን ልተወውና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልቀመጥ ወይ?» ብለሽ በእሱ አፍ ላክሽብኝ። አትተዪም! አንቺ በር ላይ ብትቀመጪ ልጅቷ ምን ትማራለች? እናቷ በር ላይ መሆኗን ብቻ።

አሁን የተጫነልሽን ተረከቢ። ባለ ሦስት እርከን በርጩማ አለ፤ ለመታጠቢያውም ለሽንት ቤቱም ይሆናል። የመብራት ማብሪያው ላይ የሚገጠም ረጅም የእንጨት ምላስ አለ። ዝቅ ብሎ የሚመታ የልብስ መስቀያ አለ። ከወንበሯ ሥር የሚገባ የእግር ማሳረፊያም አለ፤ እግሯ ተንጠልጥሎ ስትቀመጥ ወገቧ ይደክማል። ሁሉንም ባልሽ ይምታው፤ መዶሻ ሲይዝ ግን አጠገቡ አትቁሚ።

ቤቱን በእሷ ልክ አደርገዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እኔ የሠራሁት እንጨት የጣለው ሰው የለም፣ ሻለቃንም አይጥላትም። አይዞሽ። ጥር ሩቅ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 13

ወንድም ጋሼ፣

ይኼን የምጽፈው ሻለቃ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው፤ እግሯ እንደ ሰው መሬት... ማለቴ እንጨት ረግጧል። ማብሪያውን የጠየቅከኝ እንደሆነ በቀን አርባ ጊዜ ታበራለች፣ አርባ ጊዜ ታጠፋለች። አባቷ «ቤታችን ጭፈራ ቤት ሆነ» ይላል። ካፖርቷን ራሷ ሰቅላ ራሷ ታወርዳለች። እንግዳ ሲመጣም «ላስቀምጥልዎት» ብላ የእንግዳውን ኮት ትቀማለች፤ ሲሄዱ ካልለመኗት አትመልስም።

በርጩማው ይረጋል ወይ ላልከው ደህና ነው። በጣም ያምራል። ጎረቤት ሁሉ አይቶ አደነቀው።

አንድ ነገር ግን ከነገርኩህ አይቀርም። ትምህርት ቤት ምንም አልተለወጠም። አሁንም በየእረፍቱ እየሄድኩ ነው፣ ኮዳዋም አሁንም ሙሉውን ይመለሳል፤ እኔ እስክደርስ ድረስ መጠጣት ትፈራለች። ቅዳሜ ክሊኒክ ወሰድኳት። የበሩ እጀታ አልደረሰላትም፣ ወንበሩም አልደረሰላትም፣ እጅ መታጠቢያውም። ቀና ብላ አየችኝና እጇን ዘረጋች፤ አነሳኋት። በቤቷ ንግሥት ናት፤ ከደጃችን ስትወጣ ግን ዓለሙ ሁሉ እንደገና ይረዝምባታል። ሁለት ወር ተኩል ነው የቀረን።

ተበሳጨሁ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ፈርቼ ነው።

እህትህ


ኅዳር 29

እህቴ፣

«በርጩማው ደህና ነው፣ በጣም ያምራል።» ይቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አንቺ የእኔን ሥራ «ያምራል» ብለሽ የምታውቂው መቼ ነው? ባልሽን ያዝኩት። «ልጅቷ እንዴት ናት?» ስለው «ደህና» አለ። «በርጩማውስ?» ስለው የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመረ። አራቱንም ጎማ ዞሮ አየ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ባልሽ ግን ብቅልም አላስፈለገው። ከሦስተኛው እርከን ላይ እንደወደቀች፣ የፊት ጥርሷም እንደተሸረፈ ነገረኝ።

ለምን ደበቅሽኝ? እንዳላዝን? እንግዲህ አዝኛለሁ። ሁለት ቀን መላጊያ መያዝ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ተቀምጬ አሰብኩበት። ባልሽ መልሱን ሊወስድ ሲመጣ፣ እጇ እስከ የት እንደሚደርስ አሳየኝ አልኩት። እሱም የራሱን እጅ አጥፎ አናቱ ላይ አደረገና «ስታነሳው እዚህ ድረስ ነው፣ ራሷን ብዙም አያልፍም» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቁመቷን ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። ዘጠና ስድስት ስትዪኝ በልቤ የአራት ዓመት ልጅ ሳልኩ። የአራት ዓመት ልጅ ግን ክንዱ እንደ ቁመቱ ነው፤ የእሷ ክንድ ያጥራል። እኔ ትደርስበታለች ባልኩት ቦታ አትደርስም፤ ልትደርስ ስትንጠራራ ደግሞ በርጩማው ጠባብ ነው። ጠባብ ያደረግኩትም እንዲያምር ብዬ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እሷንም ይቅርታ ጠይቂልኝ። በርጩማውን አውጥተሽ ማገዶ አድርጊው።

ሌላም አጥፍቻለሁ። ቤቱን በእሷ ልክ ሠራሁት፣ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ማን ሊሠራላት ነው? የሚያስፈልጋት አብሯት የሚሄድ ነገር ነው። እና ምን እንደሚያስፈልጋት ይኸው ሁለት ወር ሙሉ እኔና አንቺ ስንጻጻፍ ማናችንም እሷን አልጠየቅናትም።

አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ አትቀየሚ። ባልሽ ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን አንቺ እንደምትቆልፊላት ነገረኝ። በስምንት ዓመቷ! የምትሰፊላት ቀሚስ ሁሉ ከኋላ ነው የሚቆለፈው። በዚያ ክንድ ጀርባዋ ላይ ያለ ቁልፍ እንዴት ብላ ነው የምታገኘው? እኔ ክንዷን አልለካሁም፤ አንቺ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ስትለኪው ኖረሻል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ልቀድደው ሁሉ ነበር። ማታ ቁም ሳጥኗን ከፍቼ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ቀሚስ፣ አሥራ አንዱም ከኋላ የሚቆለፍ።

ለምን እንዲህ አደረግሽ ብለህ ጨክነህ አልጠየቅከኝም፤ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። መንገድ ላይ ሰው ሲያያት ቀድሞ ቀሚሱን እንዲያይ ፈልጌ ነው። «እንዴት ያለ ስፌት ነው!» እንዲሉ፣ ሌላውን ከማለታቸው በፊት። ከፊት ቁልፍ ካለው ውበቱ ይበላሻል እያልኩ። ይኼን ስጽፍልህ ፊቴ ጋለ። ልጄን በስፌት ስደብቃት ኖሬአለሁ።

አሥራ አንዱንም ፈትቻቸዋለሁ። ከፊት ዚፕ፣ ዚፑ ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት፤ ሱሪዎቿም ወገባቸው ላስቲክ ሆኗል። ደንበኞቼ ቀጠሮ አሳለፍሽብን እያሉ ነው፤ ይታገሡኝ።

ይቅርታህን ነገርኳት። «አጎቴ አልጣለኝም፣ እኔ ነኝ የወደቅኩት» ብላሃለች። በርጩማውን ላቃጥለው ስል ጮኸችብኝ፤ አሁን ክር አስቀምጥበታለሁ።

ቀጥዬ እንዳልከኝ ጠየቅኳት።

«ምን ቢሠራልሽ ደስ ይልሻል?»

«አጎቴ ነው የሚሠራው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀላል ይሁን። እኔ ራሴ ልሸከመው። አንቺ ከተሸከምሽልኝ ያው አንቺው ነሽ።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። እሷ ግን ገና መናገሯ ነበር። የሚታጠፍ ይሁን፣ ከቦርሳዋ ጋር ይያዝ፣ ሲረግጡት አይንጫጫ፣ ቀለሙ ጥቁር ይሁን፤ «ሮዝ ከሆነ የሕፃን ይመስላል» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ከሁሉ የሚያስጨንቃትን ነገረችኝ። አንተ ወንድ ነህ፣ እኔም አፈርኩ፤ ግን አናጢ ካልተነገረው አይሠራም። ከተጸዳዳች በኋላ ራሷን ለማጽዳት እጇ አይደርስም። ስምንት ዓመት ያደረግኩላት እኔ ነኝ፣ ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም። ለትልልቆቹ ልጆች እንቢ የምትለው መሸከሙን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ይኼ ነው።

ክንዷ ከትከሻዋ እስከ መሀል ጣቷ ጫፍ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር። ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስተኛውን ራሷ ለካችው።

እህትህ


ጥር 3

እህቴ ሆይ፣

ጽፈሽ ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ቁመቱ ያልበቃ እጀታ ነው፣ ይረዝማል።

እንዴት ሠራኸው ብለሽ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ሁለቱንም ክንዴን ከክርኔ በላይ በገመድ አሳሰርኩ፣ በጉልበቴ ተንበረከክሁና ወርክሾፑ ሽንት ቤት ገባሁ። አብረውኝ የሚሠሩት «አለቃ ለየለት» ብለው በር ላይ ተሰበሰቡ። ከውስጥ «መቀርቀሪያው የት አባቱ ነው?» እያልኩ ስጮህ ሰምተዋል። እኔ ለአንድ ሰዓት ያበድኩበትን ልጅቷ በየቀኑ ነው የምትኖረው። ወጥቼ ሰባት ጊዜ ሠርቼ ሰባት ጊዜ አፈረስኩ።

ስምንተኛው ይኸውልሽ። እርከኑ ከስስ ኮምፔርሳቶ ነው፣ ሁለት እርከን ብቻ፣ እግሩ ሰፊ ነው፣ ከሥሩ ጎማ አለው፤ እኔ በሙሉ ክብደቴ ዘልዬበታለሁ። ሲታጠፍ እንደ ደብተር ይሆናል። ኪሎው ሁለት አይሞላም። ጥቁር ነው። አጭሩ ባለ መንጠቆ ዱላ ለመቀርቀሪያው ነው። ቆልመም ያለው፣ ጫፉ ላይ ወረቀት የሚይዘው፣ የነገርሽኝ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈትጌዋለሁ፣ በውሃ ይታጠባል። ለእሱ ከረጢት ስፊለት፣ ምን እንደሆነ ከውጭ የማያስታውቅ፤ ይኼ ያንቺ ሙያ ነው።

«ባትችልስ?» ላልሽኝ ትችላለች። እሷን አልጠራጠርም፣ የምጠራጠረው አንቺን ነው። ዚፑ ሲይዛት እጅሽ ዘሎ ይገባል። ስለዚህ ትእዛዝ ልስጥሽ፤ በሻለቃ ላይ ጄኔራል እኔ ነኝ። በተቸገረች ቁጥር እጅሽን ኪስሽ ከትተሽ እስከ መቶ ቁጠሪ። መቶ ሞልቶ ካልሆነላት ደግሞ እሷ እስክትጠይቅሽ ጠብቂ።

ወንድምሽ


ጥር 20

ወንድም ጋሼ፣

የዚህ ደብዳቤ መልስ ሳይደርሰኝ ነገሩ ያልቃል፤ ቢሆንም ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቆጠራውን ለጠየቅከኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ላይ እጄ ወጣ። በሁለተኛው ሰባ ደረስኩ። ትናንት ዘጠና ሁለት ላይ ዚፑን ዘጋችውና «ለምንድን ነው የምታጉረመርሚው?» አለችኝ። ጮክ ብዬ እቆጥር ኖሯል። እርከኑን ትዘረጋለች፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ታጥፋለች። ቆልማማውን ለመልመድ አንድ ሳምንት ፈጀባት። አንድ ቀን ተበሳጭታ ወርውራዋለች፤ ራሷው ሄዳ አነሳችው። ቤት ውስጥ የሚቀራት የለም፤ ክሊኒክም ወስጃት ብቻዋን ገብታ ወጥታለች።

ዳይሬክተሩ ደግሞ ወረቀት ላኩ። ዓርብ እሳቸው፣ መምህርቷና ጸሐፊው ሆነው «በዓይናችን አይተን እንወስናለን» ይላል። ሁሉንም ነገር፣ በሩን፣ ወንበሩን፣ ቧንቧውን፣ ሽንት ቤቱንም። እኔ ከግቢው በር አላልፍም። ሦስት ትልልቅ ሰው ቆሞ እያያት ዱላው ከእጇ ቢያመልጣትስ? ሰው እያየኝ እኔ ራሴ ክር በመርፌ ማስገባት ያቅተኛል።

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናት ስትፈራ ለማን ትሆናለች?

እህትህ


ጥር 27፣ ሰኞ

ወንድም ጋሼ፣

ባለቤቴ መኪናውን አስነስቶ ጡሩምባ እየነፋብኝ ነው፤ ይንፋ። ዓርብ እንዴት እንደሆነ ልትጠይቀኝ በስልክ ሦስት ጊዜ ደውለህ አላነሳሁልህም። ሳለቅስ እንዳትሰማኝ ነው።

እኔ ያየሁት ነገር የለም፤ ከግቢው በር ውጭ ቆሜ ነበር። ሻለቃ ስትወጣ «እንዴት ሆነ?» ብላት «አለቀ» ብቻ አለችኝ። የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ኮሪደሩን ስትጠርግ ሁሉንም አይታለች።

ሦስቱ ወረቀት ይዘው ተከተሏት። የክፍሉን በር ከፈተች፣ ምልክት አደረጉ። ወንበሯ ላይ ወጣች፣ ምልክት። እርከኗን ዘርግታ ከቧንቧው ኮዳዋን ሞላች፣ ቆማ ግማሹን ጠጣችው፣ ምልክት። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመችና ዞረች። እነሱም ቆሙ።

«ዳይሬክተር፣» አለቻቸው፣ «እርስዎ ሲገቡ ማን ነው የሚያይዎት?»

ጸሐፊው ሳቁን ዋጠ አሉ። ዳይሬክተሩ «ማንም» አሉ።

«እኔንም ማንም» አለችና ገብታ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰሙት።

ሦስቱም የተዘጋ በር እያዩ ቆሙ። ውስጥ እርከኑ ሲዘረጋ ተሰማ። ቆየች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጓን ትታ በሩን ታይ ነበር። ቀጥሎ ውሃው ተለቀቀ። እርከኗን በብብቷ ይዛ ወጣች፣ እጇን ታጠበች፣ «ደወል ተደውሏል» ብላቸው በመሀላቸው አልፋ ክፍሏ ገባች። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እንዲህ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም ብላኛለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

ወንድሜ፣ እኔና አንተ አራት ወር ሙሉ መቀርቀሪያው ይደርስላታል አይደርስላትም ስንል፣ በሩን መዝጋት መብቷ መሆኑን አስበን እናውቃለን? እኔ አላውቅም። እሷ ግን ታውቅ ነበር።

ዳይሬክተሩ ራሳቸው እስከ ግቢው በር መጡ። «ልጅቷ ሰኞ ትምጣ፣ እርስዎ አይድከሙ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «የአንደኛ ክፍሎቹም ቧንቧው አይደርስላቸውም ለካ» አሉና አድራሻህን ጠየቁኝ። ሰጥቻቸዋለሁ። ሲጽፉልህ ደህና አድርገህ መልስላቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ያልለኩ ሰው ናቸው፣ እንደ እኔና እንደ አንተ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋንና እርከኗን አንግታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወጣች። ዞር ብላም አላየችኝ፤ ወሬ ይዛ ነበር። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሳላስበው ብድግ አልኩ፣ ሻርፔን ለበስኩ፣ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ደረሰ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሻርፔን አውልቄ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፣ አለቀስኩም። ደስታ ነው፤ ግን ደስታ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽህም። አራት ሰዓት ሞላ፣ እረፍቱ ገባ፣ እረፍቱ ወጣ፤ ማንም አልጠራኝም። ተመስገን፣ ወንድም ጋሼ፣ ማንም አልጠራኝም።

እህትህ